የድሮ የሸክላና የካሴት ሽፋኖችን ሳይጎዱ የግድግዳ ጌጥ ማድረግ

በውጭ አገር ስለዚህ ሥራ የተጻፉ መመሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚነሡት ከአንድ መጠን ነው፤ በየጎኑ 31.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነው ትልቁ የሸክላ ሽፋን። የእኛ ሙዚቃ ግን በዚያ መጠን የወጣው ጥቂቱ ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምኃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ትንንሽ ሸክላዎች ከመቶ ይበልጣሉ፤ ባለ 33 ዙር ትልልቅ አልበሞቹ ግን ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጥቶ ሸክላውን ከገበያ አስወጣው፤ ለሃያ ዓመታት ያህልም ኢትዮጵያዊ አልበም ማለት ካሴት ማለት ሆኖ ቆየ። ስለዚህ በአንድ ቤት ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ክምችት አብዛኛውን ጊዜ የተደባለቀ ነው፤ ጥቂት ትልልቅ ሽፋኖች፣ በየጎናቸው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የትንንሽ ሸክላ ሽፋኖች፣ ፊታቸው 6.5 በ10.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብዙ የካሴት ወረቀቶች፣ ምናልባትም በመጨረሻ የመጡት ባለ 12 ሴንቲ ሜትር የሲዲ ሽፋኖች። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ሳጥን ነው።

አሠራሩ በሙሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፤ ዋናው ሽፋን አይለጠፍም፣ አይበሳም፣ አይቆረጥም። የደንቡን ምክንያት ለማየት ማንኛውንም የካሴት ወረቀት ገልብጦ ማንበብ ይበቃል። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማውን ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ክራሩንና ሳክስፎኑን እነማን እንደተጫወቱ፣ የትኛው ሙዚቃ ቤት እንዳከፋፈለው የሚነበበው እዚያ ነው፤ ለብዙ ሥራዎች ይህ መረጃ ከዚያች ጠባብ ወረቀት ሌላ የትም ተጽፎ አይገኝም። ወረቀቱን በማስቲሽ ከችፑድ ጋር ያጣበቀ ሰው የድምፃዊውን ፊት አትርፎ የገጣሚውን ስም ቀብሯል ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የወጣ ሽፋን በፈለግን ጊዜ እንደነበረ ሆኖ መውረድ አለበት።

በመጀመሪያ ክምችቱን መለየት

ሽፋኖቹን በሙሉ ንጹሕ ጠረጴዛ ወይም በነጭ አንሶላ የተሸፈነ አልጋ ላይ ይዘርጉና በሦስት ይክፈሏቸው።

በአንደኛው ክምር ብርቅ የሆኑትን ያስቀምጡ። አምኃ፣ ካይፋ፣ ወይም የኢትዮጵያ ፊሊፕስ የሚል የአሳታሚ ስም ያለባቸው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን ሸክላዎች፣ የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የዓለማየሁ እሸቴ የመጀመሪያ ኅትመቶች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። እነዚህን በውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይፈልጓቸዋል። ለእኔ ግን ከገንዘባቸው ይልቅ መተኪያ የሌላቸው መሆኑ ይበልጣል። ከዚህ ክምር ግድግዳ ላይ የሚወጣው ቅጂው ነው፤ ዋናው በሳጥኑ ይቆያል።

በሁለተኛው ክምር በደህና ሁኔታ ያሉ፣ ግን በብዛት የታተሙ ሽፋኖች ይሁኑ። አብዛኛው ካሴት፣ የውጭ አገር ሸክላዎች፣ በቅርብ ጊዜ እንደገና የታተሙ የድሮ አልበሞች እዚህ ይመደባሉ። የፓሪሱ የሙዚቃ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ካወጣ ወዲህ ብዙ የድሮ ሥራዎቻችን በአዲስ ኅትመት ይገኛሉ። የሚወዱት አልበም በአዲስ ሸክላ ወጥቶ ከሆነ ያንኑ ገዝቶ ሽፋኑን መስቀል ከሁሉም የቀለለ መፍትሔ ነው። የዚህ ክምር ሽፋኖች ራሳቸው ይሰቀላሉ፤ ደንቡ ግን እነሱንም ይጠብቃቸዋል።

በሦስተኛው ክምር የተቀደዱትን፣ ውሃ ያበሰበሳቸውን፣ አይጥ የበላቸውንና ሌላ ደህና ቅጂ ያላቸውን ያድርጉ። መቀስ የሚነካው እነዚህን ብቻ ነው።

ክምችት ከሌለዎት መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሱቆችና ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ቆራሌው ጥሩ ምንጮች ናቸው። ካሴት በጆንያ የሚሸጥ ሰው ካገኙ ሣጥኖቹን እየከፈቱ ይመልከቱ፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ከካሴቱ ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከምንም በፊት ግን የቤተሰብ አባላትን ይጠይቁ። በአንድ አክስት ቁም ሣጥን ላይ የተረሳ ካርቶን ከገበያ ከሚገዛው ሁሉ የበለጠ ሊይዝ ይችላል።

ማጽዳትና ማቃናት

እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። አቧራውን በለስላሳና ደረቅ የሥዕል ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ይጥረጉ። የጣት አሻራና ጥቁር እድፍ በነጭ ለስላሳ ላጲስ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መጀመሪያ በጀርባው ጥግ ላይ ይሞክሩ። ውሃ ያልተለበጠ ወረቀት ላይ በፍጹም አይንካ። ሽፋኑ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ብቻ፣ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አሳልፎ ወዲያው ማድረቅ ይቻላል።

የዋጋ ወረቀት ወይም አሮጌ ስኮች ከተጣበቀበት የፀጉር ማድረቂያን በዝቅተኛ ሙቀት ከአንድ ስንዝር ርቀት ለጥቂት ሰከንድ ይያዙበትና ከጥጉ ጀምረው በዝግታ ያንሡት። አልነቃነቅ ካለ ይተዉት። ሻጋታ ያለበትን ሽፋን አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ ያጽዱ፤ እስኪደርቅ ድረስም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉት።

የታጠፈ ሽፋን በሁለት ነጭ ወረቀቶች መካከል ተደርጎ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከላዩ ተጭኖበት፣ በሰሌዳው ላይ ከባድ መጻሕፍት ተደርድረው አንድ ሳምንት ያህል ቢቆይ ይቃናል። ካውያ አይሞከርም፤ ልባጩን ያቀልጠዋል፣ ቀለሙንም ይቀይረዋል።

የማይጸዳ ነገርም አለ። የቀድሞ ባለቤቶች ስማቸውን፣ የገዙበትን ቀን፣ ስጦታ የሰጣቸውን ሰው ስም በብዕር ጽፈውባቸዋል። የሙዚቃ ቤት ክብ ማኅተም ከድምፃዊው ትከሻ ላይ ያረፈበት አለ። ሸክላው ከውስጥ ሆኖ ለዓመታት ሲጫነው የፈጠረው ክብ ቀለበት በሽፋኑ ላይ ነጥቶ ይታያል። እነዚህን እንደ እድፍ አይቁጠሩ፤ ሽፋኑ በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክሩ ናቸውና እንዳሉ ይሰቀሉ።

ሽፋኑ ሲሰቀል ሸክላው ከውስጡ መውጣት አለበት፤ ክብደቱ ሽፋኑን ያንጋድደዋል፣ የፀሐይ ሙቀትም ሸክላውን ያጣምመዋል። ከውስጥ ወረቀቱ ጋር በነጭ ካርቶን ኪስ ይክተቱት፣ ርዕሱን በእርሳስ ይጻፉበት፣ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያኑሩት። ተነባብሮ የተጋደመ ሸክላ ይጎብጣል።

ትልቁን ሽፋን ያለ ማጣበቂያ በፍሬም ማስገባት

ያስፈልጋል፦ ውስጡ 32 በ32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ከነመስታወቱ፣ ወፍራም ነጭ የሥዕል ወረቀት፣ ስለታም የወረቀት መቁረጫ፣ የብረት ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር፣ የኋላ መዝጊያ ሰሌዳ።

በዚህ መጠን የተዘጋጀ ፍሬም በአገር ውስጥ ገበያ እምብዛም አይገኝምና ለፍሬም ሠሪ ማዘዝ ይቀላል። ሲያዝዙ ሁለት ነገር ይንገሩት። የፍሬሙ የውስጥ ጥልቀት ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መስታወቱም ሽፋኑን እንዳይነካ በዙሪያው ውስጥ ለውስጥ ቀጭን ጣውላ ወይም የካርቶን ዘንግ ይግባ። ይህ ክፍተት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ክረምት ሲገባና መስታወቱ ላብ ሲያወጣ የወረቀቱ ቀለም ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። የተጣበቀውን በኋላ ማላቀቅ አይቻልም።

ሽፋኑን የሚይዙት ከወረቀት የሚሠሩ አራት የጥግ ኪሶች ናቸው። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦

1. ከነጩ ወረቀት ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይቁረጡ። ቁራጩን አግድም ይዘው የላይኛውን ጠርዝ መሃል በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

2. የላይኛውን የግራ ጥግ ወደ ታች አጥፈው ከታችኛው ጠርዝ መሃል ጋር ያገናኙት። የቀኙንም እንዲሁ። አሁን በእጅዎ ላይ ሦስት ማዕዘን ይኖራል፤ አንደኛው ፊቱ ልሙጥ፣ ሌላው ፊቱ መሃል ላይ የሚገናኙ ሁለት ክንፎች ያሉት።

3. እጥፋቶቹን በጥፍርዎ ጀርባ ተጭነው ያስተካክሉ። አራት እስኪሆኑ ይድገሙ።

4. እያንዳንዱን ኪስ በሽፋኑ ጥግ ላይ ያጥልቁ፤ ልሙጡ ፊት ከላይ፣ ክንፎቹ ከሥር ይሁኑ።

5. ሽፋኑን በኋላ ሰሌዳው ላይ በተነጠፈው ነጭ ወረቀት መሃል ያስቀምጡ። ዙሪያውን በማስመሪያ ለክተው እኩል መሆኑን ያረጋግጡ።

6. ሽፋኑን ሳያንቀሳቅሱ አንዱን ኪስ ብቻ ገልጠው ከክንፎቹ ሥር ትንሽ ፕላስተር ያድርጉና ይጫኑ። ከዚያ በሰያፍ ተቃራኒው ያለውን፣ በመጨረሻም የቀሩትን ሁለቱን። ፕላስተሩ ኪሱን እንጂ ሽፋኑን ፈጽሞ አይንካ።

7. ኪሶቹን በጣም አያጥብቁ። ወረቀት በእርጥበት ወራት ይሰፋል፣ በደረቁ ወራት ይኮማተራል፤ መላወሻ ካጣ መሃሉ ያብጣል።

ከኋላ ያለው ሰሌዳ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ በእንጨቱና በሽፋኑ መካከል ያለው ነጭ ወረቀት ሳይገባ አይቅር። ከእንጨትና ከተራ ቡናማ ካርቶን የሚወጣው አሲድ ወረቀትን ከጀርባ ያቢጫል። ጋዜጣ ማንጠፍ ከሁሉም የከፋ ነው።

የሽፋኑን ጀርባ ፎቶ አንሥተው በትንሽ መጠን ካሳተሙ በኋላ በፍሬሙ የኋላ መዝጊያ ላይ ይለጥፉት። ፍሬሙን ገልብጦ የሚያይ ሰው የዘፈኖቹን ዝርዝርና የባለሙያዎቹን ስም እዚያው ያገኛል። እኔ ይህን እርምጃ ከጌጡ እኩል አየዋለሁ።

ተቀያያሪ ማሳያ፦ ጠባብ መደርደሪያ

ፍሬም ለማሠራት ለማይፈልግ ሰው ጠባብ መደርደሪያ ይሻለዋል። አናጺ ጋ ሄደው ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ያሠሩ፤ ከፊት በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መከልከያ ይኑረው። ሦስት ትልልቅ ሽፋኖች ጎን ለጎን 94.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዙ በልክ ይቆማሉ። ሽፋኖቹን በጥርት ፕላስቲክ ኪስ ከትተው ያቁሙ። እንግዳ ሲመጣ አንሥቶ ማየት፣ ገልብጦ ማንበብ፣ ሲሰለችም በሌላ መቀየር ይቻላል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ በኪራይ ቤት ለሚኖሩና ግድግዳ መብሳት ለተከለከሉም ይሠራል፤ ያው መደርደሪያ ኮሞዲኖ ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ አናት ላይ ቢቀመጥ ሥራውን ይሠራል።

ትንንሾቹ ሸክላዎች

ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሽፋናቸው ቀጭን ወረቀት ነው፤ ፎቶ ቤት ውስጥ ከረባት አሥሮ የተነሣ ድምፃዊ ምስል ያለባቸው ከሁሉም ይበልጥ ያምራሉ። አሥራ ስድስቱን አራት በአራት አድርገው በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ቢተዉ በየጎኑ 78 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይወጣል። አያያዛቸው ከትልቁ ጋር አንድ ነው፤ የጥግ ኪሶቹን ብቻ በ3 በ1.5 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። አሥራ ስድስት ዋና ሽፋን ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ዋናዎቹንና ቅጂዎቹን ማደባለቅ የተለመደ ነው።

ሃያ አራት ካሴት በአንድ ሰሌዳ

ለእኛ ቤት የሚመጥነው ሥራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የካሴት ወረቀት ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይጠፋል፤ ሃያ አራቱ በአንድነት ሲሰለፉ ግን ከክፍሉ ማዶ ይጣራሉ። ልኩም የሚገርም ነው። ስድስት ወረቀቶችን በአግድም፣ አራት ረድፍ ወደ ታች ደርድረው በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ቢተዉ፣ ወርዱ 44፣ ቁመቱ 43.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመታም የሆኑት ወረቀቶች ተሰብስበው ሙሉ ካሬ ይሠራሉ። ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሲጨመርበት ሰሌዳው በየጎኑ 52 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለፍሬም ሠሪው የሚነግሩት ልክ ይህ ነው።

የካሴት ወረቀት ሲዘረጋ ፊት፣ ጀርባ ላይ ርዕሱ የተጻፈበት ጠባብ ጎንና ትንሽ መታጠፊያ አለው፤ አንዳንዱ የዘፈን ግጥም ወይም የምስጋና ቃል የያዘ ተጨማሪ እጥፍ አለው። ምንም አይቁረጡ። በነበረው እጥፋት ላይ ሁሉንም ወደ ኋላ ያጥፉት፤ በአዲስ ቦታ ማጠፍ ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል።

አደራደሩን ለመወሰን ሰሌዳውን ወለል ላይ አድርገው ያለ ምንም ማያያዣ ይደርድሩ። በዘመን መደርደር ይቻላል፤ ያኔ የፀጉር አበጣጠሩ፣ የልብሱ፣ የጽሑፉ አጣጣል ለውጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በቀለም መደርደርም ይቻላል። እኔ የምመርጠው በባለሙያ መደርደርን ነው፤ አንድ አቀናባሪ የሠራባቸውን ካሴቶች ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሰሌዳ ማሰለፍ። ድምፃውያኑ ይለያያሉ፣ ከኋላ ያለው እጅ ግን አንድ ነው፤ ይህን በግድግዳ ላይ የሚያሳይ ሌላ መንገድ አላውቅም። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን እንዳይወድቁ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞሩ ድምፃውያንም ወደ ሰሌዳው ውስጥ እንዲያዩ አድርጎ ማስቀመጥ ሰሌዳውን ያረጋጋዋል። ከወደዱት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ከዚያ በነጩ ወረቀት ላይ በቀጭን እርሳስ መስመሮቹን ያስምሩ። ለእያንዳንዱ ወረቀት በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ኪሶች ይበቃሉ፤ አንዱ ከላይ ግራ፣ ሌላው ከታች ቀኝ። ኪሶቹ ለዚህ መጠን 2 በ1 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ እጅዎ የጨረሱትን ረድፍ እንዳይነካ። በመጨረሻ የእርሳሱን መስመር በላጲስ አጥፍተው ፍሬሙን ይዝጉ። በመስታወቱና በወረቀቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እዚህም አይረሳ፤ የታጠፈ ወረቀት ከፍ ስለሚል ጥልቀቱ ትንሽ ይጨመርለት።

ቅጂ ማውጣት

የካሴትና የትንሽ ሸክላ ሽፋን በተራ ስካነር ላይ ይበቃል። ትልቁ ሽፋን ግን ኤ4 ከሆነው ስካነር ስለሚበልጥ በአራት ከፍሎ ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ማገናኘት ያስፈልጋል። ይህ ካስቸገረ ፎቶ ማንሣት ይሻላል። ሽፋኑን ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ወለል ላይ ያድርጉ፣ ከመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ ካርቶን አቁመው ብርሃኑን ይመልሱበት፣ ካሜራውን ልክ ከመሃሉ በላይ ሳያጋድሉ ይያዙ። አራቱም ጠርዞች በምስሉ ላይ ቀጥ ብለው ካልታዩ እንደገና ያንሡ።

ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። ትልቁን ሽፋን በልኩ ለማተም ምስሉ በየጎኑ 3,720 ፒክስል ገደማ ይሁን። የካሴትን ወረቀት ሦስት እጥፍ አሳድገው 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ከፈለጉ ስካነሩን በ900 ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉት። ከሦስት እጥፍ በላይ ማሳደግ አይመከርም፤ የጥንቱ ኅትመት ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች እየጎሉ ፊቱን ይበትኑታል። ማተሚያ ቤቱ የማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት እንዲጠቀም ይጠይቁ። ቀለሙን ለማሳመር ብዙ አይነካኩት፤ የደበዘዘው ቢጫና ወይን ጠጅ የዘመኑ መልክ ነው።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ በአንድ ቅጂ ማባዛት ይችላል። ለሽያጭ፣ ለካፌ ማስዋቢያ ወይም ለንግድ ሥራ ማባዛት ግን የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ፎቶግራፍ አንሺውና የሽፋኑ ሠዓሊም ከድምፃዊው እኩል ባለመብቶች መሆናቸው ይታሰብ።

የተጎዱትን ቆራርጦ አንድ ሥዕል ማድረግ

ሦስተኛው ክምር እዚህ ሥራ ላይ ይውላል። ከመቁረጥ በፊት የሁሉንም ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ከዚያ በየጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ያዘጋጁ። አንድ ትልቅ የሸክላ ሽፋን በየጎናቸው 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ዘጠኝ ካሬዎች ይወጡታል፤ አራት ሽፋኖች ሠላሳ ስድስት ካሬ ይሰጣሉ፣ ሠላሳ ስድስቱም ሰሌዳውን በልክ ይሞላሉ። ካሬዎቹን ቀላቅሎ አንዱን ፊት ከሌላው እጅ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው መሣሪያ አጠገብ ማምጣት የሠሪው ምርጫ ነው።

የሽፋኑን የተጣበቁ ጠርዞች በቢላዋ ከፍተው ፊቱን ብቻ ይቁረጡ። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አይጫኑ፣ በብረት ማስመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይመላልሱ። ሁለት እጅ ነጭ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነው ሰሌዳውንም የካሬውን ጀርባም በስሱ ይቀቡ፣ ከመሃል ጀምረው በደረቅ ጨርቅ ወደ ዳር እየገፉ አየሩን ያስወጡ። ማስቲሽ ለወረቀት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ቢጫ እድፍ ያወጣል። ሁሉም ሲያልቅ በላስቲክ ሸፍነው ከባድ ነገር ጭነውበት ያሳድሩት። በማግስቱ የሰሌዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ።

ቦታ መምረጥና መስቀል

ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ግድግዳ ይለፉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል ጨረሩ ብርቱ ነው፤ በመስታወት ውስጥ ያለ ሽፋን እንኳ በጥቂት ዓመታት ቀዩና ቢጫው ሸሽቶ ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ወጥ ቤትና ከሰል የሚያያዝበት፣ ዕጣን ዘወትር የሚጨስበት ጥግም አይሆንም፤ ጭሱ በፍሬሙ ክፍተት ገብቶ ነጩን ወረቀት ያጠለሽበታል። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ከሆነ ከረከቦቱ ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ይምረጡ። ክረምት ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳም እርጥበት ስለሚያሳልፍ የውስጥ ግድግዳ ይመረጣል።

የመስቀያው ከፍታ በቀላል ስሌት ይገኛል። የምስሉ መሃል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። በዚያ ላይ የፍሬሙን ቁመት ግማሽ ይደምሩ፣ ከፍሬሙ አናት እስከ ማንጠልጠያው ያለውን ርቀት ይቀንሱ። የውጭ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፍሬም፣ ማንጠልጠያው ከአናቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ 150 ሲደመር 18 ሲቀነስ 5፣ ሚስማሩ 163 ሴንቲ ሜትር ላይ ይመታል። እንዲህ ያሉ ሦስት ፍሬሞች በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲደረደሩ 118 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ ይህም ከ180 ሴንቲ ሜትር ሶፋ በላይ በደንብ ይቀመጣል። ከሶፋው ጀርባ አናት እስከ ፍሬሙ ሥር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ያነሰ ከሆነ የተቀማጩ ጭንቅላት ይመታዋል።

ከመምታትዎ በፊት የእያንዳንዱን ፍሬም ልክ ከአሮጌ ጋዜጣ ቆርጠው ግድግዳው ላይ በቀላል ፕላስተር ይለጥፉ። ራቅ ብለው ይዩት፣ ቤተሰቡም ይየው፣ አንድ ቀን ይዋል። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ያረጋግጡ፤ በዓይን ብቻ መተማመን አይቻልም፣ የቤቱ ጣሪያ ራሱ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል።

አመታቱ እንደ ግድግዳው ይለያያል። በጭቃ ቤት ልስኑ ላይ የተመታ ሚስማር ክብደት ሲያገኝ ይወልቃል፤ ግድግዳውን በጣት አጥንት እያንኳኩ ድምፁ ድፍን የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ፣ እዚያ ቋሚው ወይም ማገሩ አለና ሚስማሩን እንጨቱ ውስጥ ያስገቡ። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በትራፓኖ በስተው ፊሸርና ብሎን ይጠቀሙ፤ ከኤሌክትሪክ ማብሪያና ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር ላይ ግን አይብሱ፣ ሽቦው በዚያ ያልፋል። በብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጥ ያለው የአግሮስቶን ክፍልፋይ መዶሻ አይወድም፤ ይሰነጠቃል። በዝግታ ይብሱት፣ ከባዱን ባለ መስታወት ሰሌዳ ደግሞ ወደ ብሎኬቱ ግድግዳ ያዙሩት።

በእያንዳንዱ ፍሬም የታችኛው ሁለት ጥግ ጀርባ ላይ ትንሽ የጎማ ወይም የቡሽ ቁራጭ ይለጥፉ። ፍሬሙ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ከኋላውም አየር እንዲያልፍ ክፍተት ይተዋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ፍሬሞቹን አውርደው ጀርባቸውን ይመልከቱ። የእርጥበት ሽታ ወይም ነጭ ብናኝ ካለ ፍሬሙን ከፍተው ሽፋኑን ጥላ ሥር ያናፍሱት፣ ነጩን የውስጥ ወረቀት በአዲስ ይቀይሩ፣ ያንን ፍሬም ወደ ሌላ ግድግዳ ያዛውሩት።